ወደኋላ መቅረት የተማረች ልጅ

ከጅዳ ወደ መካ የሚሄደው አውቶቡስ ሰው ካልሞላ አይነሳም። በአንድ ጁምዓ ከሶላት በኋላ እኔና የስምንት ዓመት ልጄ ዋፋ ሐጃ ኸይሪያን መካ ቤታቸው ልናደርስ፣ ጉለይል ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ካለው መነሻ፣ በሴቶቹ በኩል ተቀምጠን የመጨረሻዋን ተሳፋሪ እንጠብቅ ነበር። ያቺ ተሳፋሪ የዋፋ አስተማሪ ፈቲያ ሆና ተገኘች። ገና ደረጃውን ወጥታ ሳትጨርስ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈና፣ “ኡሙ ዋፋ፣ አላህ አገናኘን። እርስዎን ስፈልግ ነበር” አለችኝ፤ የዋፋ እናት ማለቷ ነው።

አስተማሪ ወላጅ ስትፈልግ ለደግ አይደለም። እሷ መቀመጫ አግኝታ ዓባያዋን እስክትሰበስብ ድረስ እኔ በሐሳቤ ልጄን ከትምህርት አስባርሬ፣ አባቷን አስቆጥቼ፣ ለአገር ቤት ዘመድ ምን ብዬ እንደምናገር ጨንቆኝ ጨርሼ ነበር።

በዚያን ዘመን ከአገራችን የሚመጣው አውሮፕላን ሁሉ ለቤት ሥራ በሚመጡ ልጃገረዶች የተሞላ ነበር። ፈቲያም ከእነሱ አንዷ ናት። ደሴ በመምህርነት ዲፕሎማ ተመርቃ፣ ደመወዙ ቤተሰብ አልደግፍ ሲላት መጥታ፣ ጃሚዓ በሚባለው ሰፈር ስምንት ሰው ባለበት ቤት ትሠራለች። ማዳሟ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጁምዓ፣ ትለቃታለች። ሌሎቹ ሴቶች በዚያ ቀን እንቅልፋቸውን ሲጠግቡ፣ እሷ ከጧት እስከ ሶላት ድረስ እኛ ሕንፃ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ለልጆቻችን አማርኛ ታስተምራለች። ልጆቻችን እዚሁ ተወልደው ዳቦ የሚጠይቁትም፣ የሚጣሉትም፣ የሚታረቁትም በዐረብኛ ነው።

የእኛ ጉዳይ ደግሞ አስቸኳይ ነበር። ባለቤቴ ዑመር ወደቡ መጋዘን የሚሠራበት ውል ሊያልቅ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማውም፣ አይታደስም ተብሏል። ከአራት ወር በኋላ ኮምቦልቻ እንገባለን። እህቴ የጠየቀችው ትምህርት ቤት፣ ዋፋ አማርኛ አንብባ ከተረዳች ሦስተኛ ክፍል፣ ካልቻለች ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል እንደምትቀመጥ ነግሯታል። ፈቲያ ዘንድ ሁለት ቡድን አለ፤ ጀማሪዎቹና አንባቢዎቹ። በሚቀጥለው ጁምዓ ፈተናውን ያለፈ ልጅ ወደ አንባቢዎቹ ይሻገራል። የቀሩን አራት ወራት የሚበቁን ወደዚያ ከተሻገረች ብቻ ነው።

አውቶቡሱ ሲነሳ ፈቲያ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

“የዋፋ ነገር ግራ ገብቶኛል። እንደ ዛሬው ከሆነ ከጀማሪዎቹ ጋር ላስቀራት ነው።”

“ምን አጠፋች?”

“ጥፋትስ የለባትም። ልጆቹ አንድ ሥራ ከሌላው ጋር ሲነጻጸር እንዴት እንደተሠራ መናገር እንዲችሉ እያለማመድኳቸው ነው። ‘ፈጥኖ ሮጠ’ ማለቱን ያውቁበታል። ‘ከእሱ ይልቅ ፈጥና ሮጠች’፣ ‘ከሁሉም ይበልጥ ፈጥና የሮጠች እሷ ናት’ ላይ ሲደርሱ ግን ወደ ዐረብኛው ይሸሻሉ። በቃል ብቻ አይያዝላቸውም ብዬ፣ ብርጭቆ ውሃ እየሞላሁ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አስኬድኳቸው። ሁለቱ ምንጣፌን አራሱት። ዋፋ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም። ‘ማን ይበልጥ ተጠንቅቆ ሄደ?’ ብላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‘እኔ ከሁሉም ይበልጥ በግዴለሽነት ሄድኩ።’”

ከፊታችን የተቀመጡት ሐጃ ኸይሪያ ዞር አሉ።

“ቃሉ አልገባት ይሆናል ብዬ አስጻፍኳቸው” አለች ፈቲያ። “ከሁሉም አጥርታ የጻፈች እሷ ናት። ‘ማን ይበልጥ አጥርቶ ጻፈ?’ ስል፣ ‘ሁሉም ከእኔ ይልቅ አጥርተው ጻፉ’ አለች። አማርኛው አንድ ስሕተት የለበትም። ነገሩ ግን ሁሉ ውሸት ነው። ስታነብ ደግሞ ትጎተታለች። የማውቃት ልጅ አልመስል አለችኝ።”

ሐጃ ኸይሪያ ከት ብለው ሳቁና ከመቀመጫው በላይ እጃቸውን ልከው የዋፋን ጉንጭ ነካ አደረጉ።

“አበጀሽ የእኔ ልጅ። መምህሯ፣ ግራ አይግባሽ፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።”

አንባቢ ሐጃ ኸይሪያን ያውቃቸው ዘንድ ጥቂት ልበል። አያቶቻቸው ከወሎ ለሐጅ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። እሳቸው መካ ተወልደው፣ መካ አግብተው፣ የልብስ ስፌት ሠርተው ስድስት ልጅ አሳድገዋል። የመጀመሪያዋ አሠሪዬ ስታሰናብተኝ ሦስት ወር ያስጠጉኝ፣ ዋፋንም ስወልድ ገንፎ አገንፍተው ያረሱኝ እሳቸው ናቸው። እናቴ በሌለችበት አገር እናቴ ናቸው። ስለዚህ የሚሉትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ይህንንም ተቀብዬው ነበር።

“የአያቴ ምክር ነው” አሉ ሐጃ። “ሰው ስለ ልጅሽ ሲጠይቅሽ ዝቅ አድርገሽ መልሺ። ‘ልጅሽ ወፈረች’ ቢሉሽ፣ ‘እህል አልስማማ ብሏት ነው’ በይ። ‘ቀልጣፋ ናት’ ቢሉሽ፣ ‘ምኑን ቀለጠፈች፣ ትተኛለች እንጂ’ በይ። ልጅቱም እንዲሁ ትመልስ። የሰው ዓይን ሐቅ ነው። የሚያየው የሌለውን ነገር ማንም አይመታውም።”

“ሐጃ፣ ዓይን የለም አላልኩም” አለች ፈቲያ በትሕትና። “ግን ለዓይን የታዘዘልን ማሻአላህ ማለት ነው ወይስ ልጅን ማሳነስ?”

“ማሻአላህ የሚለውማ ተመልካቹ ነው። ሳይል ቢቀርስ? የሰው አፍ በእኔ እጅ ነው ወይ?”

“አይደለም።”

“ታዲያ በእጄ ያለው የልጄ አፍ ነው። እሱን ጠበቅኩ።”

ከጎናችን ያሉ ሁለት ሴቶች “እውነታቸውን ነው” አሉ። እኔም በልቤ ከሐጃ ጋር ነበርኩ፤ የራሴ ማስረጃ ስለነበረኝም ጣልቃ ገባሁ።

“መምህር ፈቲያ፣ እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንደኛ ነበርኩ። አክስቴ በገበያው ሁሉ ‘የእህቴ ልጅ ከወንዶቹም ይልቅ አስበልጣ ታውቃለች’ እያለች ስታወራ ከረመች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል በሁለት ነጥብ ወደቅኩ። ይኸው ዐረብ አገር የሰው ቤት ሳጥብ ኖርኩ።”

“በዚያ ዓመት እንዴት ያጠኑ ነበር?”

“እንዴት አጠናለሁ፣ እናቴ አልጋ ላይ ነበረች። ከሳምንቱ ሁለት ቀን ብማር ነው።”

“እንግዲያው የጣለዎት የአክስትዎ ወሬ ነው ወይስ የእናትዎ ሕመም?”

በዚህ ሁሉ ዓመት ነገሩን በዚህ በኩል አይቼው አላውቅም ነበር። ሐጃ ግን አልዘገዩም።

“የእናቷስ ሕመም ከምን መጣ?”

ሴቶቹ ሳቁ፤ ፈቲያም አብራ ሳቀች። “ሐጃ፣ በዚህ አሸነፉኝ” አለች። “ግን አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ከዚያ ይፍረዱኝ።”

“ንገሪኝ ልጄ።”

“እኔ ወዳለሁበት ቤት ስገባ ከእኔ በፊት የነበረች ሠራተኛ ወጥታለች። ማዳም ጧት ስትነሳ፣ ‘ያለፈችው ከአንቺ ይልቅ ፈጥና ታጥብ ነበር’ ትለኛለች። ‘ከአንቺ ይልቅ አጥርታ ትተኩስ ነበር’ ትለኛለች። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሐሰት መሆኑን አውቅ ነበር። እሷ በሄደችበት ጊዜ ቤቱ ምን ይመስል እንደነበር ያየሁት እኔ ነኛ። ስድስት ወር ሲሞላኝ ግን እጄ መዘግየት ጀመረ። ሸሚዝ ስተኩስ፣ ይኸው ላቃጥለው ነው እያልኩ፣ አንድ ቀን በእርግጥ አቃጠልኩት። እኔ ዲፕሎማ ያለኝ ሰው ነኝ። የስምንት ዓመት ልጅ በየቀኑ ‘እኔ ከሁሉም አንሼ’ ስትል ምን የሚደርስባት ይመስልዎታል?”

“የማዳምሽ ነገርማ ግፍ ነው። የእኛው ግን በፍቅር ነው።”

“በፍቅርም ቢሆን ጆሮዋ የሚሰማው ያንኑ ነው፣ ሐጃ።”

ሐጃ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞሩ። “ታዲያ ምን ትበል? ‘እኔ ከሁሉ እበልጣለሁ’ ብላ አደባባይ ትውጣ? ይህ ኩራት ነው። እኔ እያለሁ አይሆንም።”

“እሱንስ እኔም አልወደውም። ‘ከሁሉ በላይ’ የሚባለው ነገር የሚደርሰው ለአንድ ሰው ነው፤ ሌላው ባዶ እጁን ይመለሳል። ‘ከትናንቱ ይልቅ’ የሚለው ግን ለሁሉም ይበቃል። እኔ ከዚያች ካለፈችው ሠራተኛ ጋር መወዳደሩን ትቼ፣ ካለፈው ሳምንቷ ፈቲያ ጋር ብቻ መተያየት ስጀምር ነው እጄ የተመለሰልኝ። ዋፋም ‘ካለፈው ጁምዓ ይልቅ ዛሬ አጥርቼ አነበብኩ’ ብትል ማንን ትጎዳለች?”

“ያም መመካት ነው።”

“አልሐምዱ ሊላህ ከፊቱ ከቀደመ ምስጋና ነው።”

“አንቺ ተምረሻል፣ አፍሽም ቀልጣፋ ነው” አሉ ሐጃ። ወዲያው ደንገጥ ብለው “ማሻአላህ” ጨመሩበት። “እኔ ግን ስድስት ልጅ ያሳደግኩበትን ነገር በአንድ አውቶቡስ መንገድ አልጥልም።”

ክርክሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። እውነት ለመናገር ደስም ብሎኝ ነበር። ልጄ ከጀማሪዎቹ ጋር ብትቀር ሁለት ዓመት ታጣለች፤ ዓይን ቢመታት ግን ራሷን አጣታለሁ ብዬ በልቤ መዘንኩ። ከሁለት ክፉ ነገር አንዱን መምረጥ ለእኔ የተለመደ ነው።

መካ ስንደርስ ሐጃ ፈቲያን ምሳ ሳትበላ አትሄድም ብለው ያዟት። ቤታቸው ያለው ኮረብታ ላይ ነው፤ ከመንገዱ ተነስቶ ቤቶቹን እየሰነጠቀ የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ደረጃው ከስልሳ ይበልጣል። ሐጃ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አሥር ወጥተው ያርፋሉ። እኔ የዳቦውን ከረጢት ይዤ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ፈቲያ ክንዳቸውን ደግፋለች።

ዋፋ እንደ ፍየል ግልገል እየዘለለች ቀደመችን። መዞሪያው ጋ ስትደርስ ግን ድንገት ቆመች፤ ወደታች ተመለሰችና ከሁላችን ኋላ ሆና መውጣት ጀመረች። ሐጃ ባረፉ ቁጥር እሷም ከእሳቸው አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ትቆማለች። ደግሞ ይረሳትና ትሮጣለች፣ ደግሞ ትመለሳለች።

“ይህቺ ልጅ አደቧ ደስ ይላል” አሉ ሐጃ። “አሮጊት አልቀድምም ብላ እኮ ነው። ያላ፣ ውጪ የእኔ ልጅ፤ ለእኔ አትቁሚ።”

“ለአንቱ አይደለም” አለች ዋፋ።

“ታዲያ ለማን ነው?”

ዋፋ እኔን አየችኝ። የሆነ ነገር ስትደብቅ እንደምታደርገው የሻርፗን ጫፍ ትጠቀልላለች። “ማማ አትቆጪኝም?”

“አልቆጣም፤ ተናገሪ” አልኩ። እግሬን እባብ ነድፎኛል ትለኛለች ብዬ ወደ ጫማዋ እያየሁ ነበር።

“ስንደርስ ያች ጎረቤታችሁ፣ ‘ማን ፈጥኖ ወጣ?’ ብላ ትጠይቀኛለች። ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች። እኔ ‘ከሁሉም ቀስ ብዬ ወጣሁ’ እላለሁ። ቀድሜ ከደረስኩ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ውሸት ደግሞ ሐራም ነው ብላችሁኛል፣ ሐጃ። ስለዚህ ቀስ እላለሁ።”

ከላይ ካለው ቤት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ድምፅ ይሰማ ነበር።

ፈቲያ ዝቅ ብላ ከልጄ ፊት ተቀመጠች። “ስታነቢስ?”

“ሳነብም። ውሃውን ስይዝ፣ ስጽፍም ረስቼ ነው፤ ማፍሰስና ማበላሸት ነበረብኝ። ንባብ ላይ ግን አልረሳም። ፊደሉን አውቀዋለሁ፣ ዋላሂ፤ ግን ሌሎቹ ልጆች እስኪጨርሱ ዝም እላለሁ።” ከዚያ ደስ እንዲለን ፈልጋ፣ “አሁን ሳልሞክርም ቀስ ይልልኛል” አለች።

ይህች የመጨረሻዋ ቃል አንጀቴን በላችው። ልጅ ‘ራስሽን ዝቅ አድርጊ’ እና ‘አትዋሺ’ የሚሉ ሁለት ትእዛዝ ከሁለት እናት ተቀብላ፣ አንዱንም ሳትሽር ለመፈጸም በራሷ መንገድ ያገኘችው መፍትሔ ይህ ነበር። እኔ ዓይን እንዳይመታት ስጠብቅ፣ ዓይን ያደርገዋል ብዬ የፈራሁትን ሁሉ እኔው አድርጌው ነበር።

ሐጃ ኸይሪያ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ዋፋን ወደ ጭናቸው ሳብ አደረጓት።

“ሱብሐነላህ” አሉ ቀስ ብለው። “ሰባ ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ስናገር፣ ሰሚው ልጅ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ለጎረቤት የምናገር ይመስለኝ ነበር።” ወደ ፈቲያ ቀና አሉ። “መምህሯ፣ ይፍረዱኝ ብለሽ ነበር። ይኸው። ጥፋቱ የእኔ ነው።”

“ጥፋት አይባልም፣ ሐጃ። ሊጠብቋት ብለው ነው።”

“ጥፋት ነው፤ ኸላስ። ግን አንቺም ስሚኝ። ያንን ‘ማን ከሁሉ በለጠ’ የሚለውን ጥያቄሽን በልጆቹ መካከል አታምጪው። አንዱን ልጅ ከፍ ባደረግሽ ቁጥር የሌላው እናት ታለቅሳለች። ዓይንም የሚነሳው ከዚያ ነው፤ ቅናት እንጂ ሌላ ምን አለው?”

ፈቲያም ተቀበለች። “እውነትዎን ነው። ‘ከሁሉ ይበልጥ’ የሚለውን በመኪናና በመርከብ አስተምራለሁ። አባቶቻቸው ወደብ ነው የሚሠሩት፤ የትኛው መርከብ ከሁሉ ቀስ ብሎ እንደሚገባ ከእኔ የተሻለ ይነግሩኛል። ስለራሳቸው ሲናገሩ ግን ከትናንት ጋር ብቻ ይተያዩ።”

“አዎ። ምስጋናውም ከፊት ይቅደም። ማሻአላህ ማለቱ የእኛ የትልልቆቹ ሥራ ነው፤ እሱን በልጅ ትከሻ አንጭንም።” ከዚያ ዋፋን ከጭናቸው አነሷት። “በይ አሁን ውጪ። እግርሽ እንዳመጣልሽ ውጪ።”

“ጎረቤቷ ብትጠይቀኝስ?”

“እውነቱን ንገሪያት። ደግሞ ማሻአላህ ካላለች እኔ አለሁላት።”

ዋፋ ወጣች። የጫማዋን ድምፅ እንጂ እሷን ማየት አቃተን። ትወድቃለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልወደቀችም። ከላይ ሆና፣ “አልሐምዱ ሊላህ፣ ካለፈው ጊዜ ይልቅ ፈጥኜ ወጣሁ” ብላ ስትጮህ፣ እዚያ መንገድ ላይ የቀረነው ሦስታችንም አንድ ላይ ማሻአላህ አልን። ሐጃ ሦስት ጊዜ ደገሙት።

በሳምንቱ ፈተና ሲሆን በር ላይ ቆሜ ሰማኋት። አጀማመሯ የዱሮው ነበር፤ አንድ ቃል አንብባ ዞር ብላ ሌሎቹን ልጆች ታያለች። የለመደባት ነገር በአንድ ደረጃ መውጣት አይጠፋምና ላበት አጠመቀኝ። ፈቲያ አልገፋቻትም፤ “ካለፈው ጁምዓ ጋር ብቻ” አለቻት። ዋፋ ጣቷን መስመሩ ላይ አደረገች። ሁለት ቃል ላይ ተሰናከለች፣ አንዱን ራሷ መለሰችው፣ የቀረውን ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበች። ከዚያ የተነበበው ምን እንደሆነ ስትጠየቅ በራሷ አማርኛ ተናገረች። ፈቲያ ቀና ብላ በበሩ በኩል አየችኝና ከጀማሪዎቹ ምንጣፍ ተነስታ ወደ አንባቢዎቹ እንድትሄድ በእጇ አመለከተቻት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ግንባሯን እየዳሰስኩ ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን ጉንፋን ያዛት። አለቀልኝ ብዬ ስነሳ ግን የሕንፃው ልጆች ሁሉ ያስነጥሳሉ፤ በሳምንቱ ሁሉም ዳኑ። ለዚህም ማብራሪያ ከፈለግሁ ሐጃ ዘንድ አይጠፋም፤ እኔ ግን አልጠየቅኩም።

ይህን የጻፍኩት እንደ እኔ ለሚፈሩ እናቶች ነው። ልጅን ዝቅ አድርጎ መናገር ጥንቃቄ ይመስላል። ልጅ ግን የእናቷን ቃል እንደ ወሬ አትሰማውም፤ እንደ መንገድ ትሄድበታለች። “ከትናንት ይልቅ” ማለትን የተማረች ልጅ የምትቀናበት ጓደኛ አይኖራትም፤ የምትሸነፈው ለራሷ ነው፤ የምታሸንፈውም ራሷን ነው። ስትደክም የትኛው ቀን ላይ እንደቀነሰች ታውቃለች፤ ስትበረታም ማንን እንደምታመሰግን ታውቃለች። ፈቲያ ዘንድ ካሉት ጀማሪዎች አራቱ በዚያ ዓመት ተሻገሩ። ማን ከሁሉ ቀድሞ እንደተሻገረ አልተነገረም፤ ከእናቶቹም የጠየቀ የለም።

ልንሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረን ደረጃ ላይ ሳሚያን አገኘኋት፤ አራተኛ ፎቅ የምትኖር፣ ዋፋን የምታክል ልጅ ያላት ሴት ናት። በእኛ ሕንፃ እናቶች ሲገናኙ አንዷ “የእኔዋ ሰነፍ ናት” ትላለች፣ ሌላዋ “የእኔዋ ትብሳለች” ትላለች፤ ቆሞ የሰማን ሰው ሕንፃው በሙሉ ለደካማ ልጆች የተከራየ ይመስለዋል። ሳሚያም እንደወጉ፣ “ለመሆኑ ዋፋ እንዴት እያነበበች ነው?” አለችኝ።

የለመድኩት መልስ ምላሴ ላይ መጣ። ዋፋ ክንዴን ይዛ ቆማ ወደ ላይ ታየኛለች።

“አልሐምዱ ሊላህ” አልኩ። “ካለፈው ዓመት ይልቅ እጅግ አጥርታ ታነባለች።”

የሳሚያ ልጅም አጠገቧ ነበረች፤ እሷም አንገቷን ቀና አድርጋ እናቷ ስለ እሷ የምትለውን እየጠበቀች ነበር።